እልልታው ባሕር ሲሻገር

ሞባይል ድምፅ ይወስዳል ሲባል አትመኑ። የሚወስደው ስለ ድምፁ የሚወራ ወሬ ነው። በየ20 ሚሊሰከንዱ ጉሮሮው እንዴት እንደተርገበገበ፣ አፉ ምን ቅርጽ እንደያዘ በቁጥር ይልካል፤ ማዶ ያለው ስልክ በሰማው ወሬ ተነሥቶ አዲስ ድምፅ ይሠራል። በሰከንድ 64,000 ቢት ይፈጅ የነበረ ንግግር፣ ኔትወርክ ሲደክም በ4,750 ቢት ይጠቀለላል። ቁጠባው ግሩም ነው። ብቻ ይህ ሁሉ ስሌት የተቀመረው ለአንድ አፍና ለአንድ ጉሮሮ ነው።

የእህቴ ሠርግ ዕለት ጅዳ ያለችው አክስቴ ደወለች። ሙሽራው ሲገባ እንድትሰማ ስልኩን ወደ ድንኳኑ ዞር አደረግሁላት። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ የሰፈሩ ሴቶች እልልታ ባንዴ ፈነዳ። ወደ ጆሮዬ ስመልሰው አክስቴ እሪ ትላለች።

«ወይኔ! ማን ሞቶ ነው? እማዬ ናት አይደል?»

እማዬ የምትላት አያቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጠላዋን ትጠጣለች።

በአክስቴ አልፈርድም። ድሮ በሰከንድ በ2,400 ቢት የሚሠራው ኤልፒሲ-10 የተባለው የንግግር መጠቅለያ ዘዴ እያንዳንዷን የድምፅ ቁራጭ ወይ ዝዝታ ወይ ሽሽታ ብሎ ይፈርጅ ነበር፤ ሰውን ሁሉ ሮቦት ያደረገው ይኸው ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ማንፍሬድ ሽሮደርና ቢሽኑ አታል የተሻለ መላ አቀረቡ፦ ከተዘጋጀ መዝገብ ናሙናዎችን እያነሡ መሞከር፣ ለጆሮ ከዋናው ድምፅ ጋር የተቀራረበውን መምረጥ፣ ከዚያ የናሙናውን ተራ ቁጥር መላክ። ያን ጊዜ ለአንድ ሰከንድ ንግግር ክሬይ-1 የተባለው ሱፐር ኮምፒዩተር ከሁለት ደቂቃ በላይ ይለፋ ነበር፤ ዛሬ ርካሹ ቀፎ ሳይቀር እያወራን ይጨርሰዋል። ለንግግር እሰየው። ከበሮና እልልታ ተደርበው ሲመጡበት ግን የሚመጥን ናሙና ከየት ያምጣ? ያገኘውን ይወረውራል። አክስቴ ጆሮ የደረሰው እንግዲህ ያ ነው።

«ኧረ ማንም አልሞተም!» ብል ማን ሰምቶኝ። መርዶ በስልክ እንደማይነገር ታውቃለች፤ ባስተባበልኩ ቁጥር ጥርጣሬዋ ባሰ። ከበስተጀርባዋ ጎረቤቶቿም ተሰብስበው ማልቀስ ጀምረዋል። መጨረሻ ላይ እማዬን ደግፌ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ጸጥ ወዳለበት ወሰድኳትና ስልኩን ሰጠኋት።

«አንቺ ልጅ፣ በሠርግ ቀን ምን ያስለቅስሻል?» አለቻት።

አክስቴ ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ ባሰባት።

«ይቺማ እማዬ አይደለችም! ማንን ነው የምታስመስሉብኝ?»