ምንም እንዳታዘጋጁ

ስልክ ላይ ከሚነገሩ ነገሮች ሁሉ እንደ «ምንም እንዳታዘጋጁ» የሚያበግነኝ የለም። «መንገድ ላይ ነኝ» የሚለውን እችለዋለሁ፤ ሁላችንም አልጋችን ላይ ተጋድመን ብለነዋል። «ካርዴ ሊያልቅ ነው» የሚለውንም ሰምቼ አልፋለሁ። ይሄኛው ግን መውጫ የለውም። ቃሉን አክብረህ ባታዘጋጅ «ያን ሁሉ አገር አቋርጬ ሄጄ ውኃ እንኳ አላቀመሱኝም» እየተባለ ስምህ አዲስ አበባ ድረስ ይጓዛል። ብታዘጋጅ ደግሞ «እንዳታዘጋጁ ብዬ አልነበረም?» ብሎ እንግዳው ይቆጣሃል፤ ተቆጥቶም አይበላም።

ይህን የሚሉት ደግሞ ጎረቤቶቼ ቢሆኑ ምንም አልነበረ። ጎረቤት መቼ አስፈቅዶ ይመጣል! የሚሉት እነዚያ ሩቅ አገር የሚኖሩት፣ በዓመት በዓመት የምንናፍቃቸው፣ ስማቸው ሲነሳ እንኳ ቤቱ ደስ የሚለው የጥንት ወዳጆቼ ናቸው።

የነገሩ ሥር ከተማችን የተቀመጠችበት ቦታ ይመስለኛል። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 387፣ ከባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ናት። ማንም ሊያድርባት የማያቅድ፣ ማንም ደግሞ ሳይረግጣት ሊያልፍ የማይችል ቦታ ማለት ነው። ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው፤ በእኛ በኩል የሚያልፍ ግን ሞልቷል። ቡሬዎች ይሻላሉ። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ኮሶበር፣ ሌላው አባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል፤ ሾፌሩ ቢያንስ ፍጥነት ቀንሶ ያስባል። እኛ ዘንድ የሚታሰብ ነገር የለም። ስለዚህ አንዳንዱ ወዳጅ ቤት መግባቱንም ትቶታል። «አስፋልቱ ላይ ብቅ በልልኝ» ይልሃል። ሄደህ በመኪና መስኮት ትሳሳማለህ፤ ትከሻህን ለትከሻው ለማድረስ በሩን ታቅፋለህ፤ ከዚያ ከኋላ ያለ አይሱዙ ጥሩንባ ይነፋብሃል።

ቤት የሚገባው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ዶሮ።

እንግዳ ያለ ዶሮ አይሸኝም፤ በተለይ ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣ። ዶሮ ወጥ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ዶሮው ይታረዳል፣ ይለበለባል፣ አሥራ ሁለት ቦታ ይበለታል፣ በሎሚና በጨው እየታሸ ውኃው ጥርት እስኪል ይታጠባል። ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው፤ ዋናው ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርቱ ዘይት ሳይነካው፣ በለዘበ እሳት፣ እየተማሰለ ቀለሙ እስኪለወጥ መቆየት አለበት። ባለቤቴ ዘንድ ሽንኩርት አይቸኮልም፤ አንድ ጊዜ «እሳቱን ጨመር ብናደርገውስ?» ብዬ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኘው። ስለዚህ ነገሩን ስመረምር የአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም መንገድ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በወጥ መለካት እንዳለበት ደረስኩበት።

ጎሐ ጽዮን ላይ ሆኖ የደወለ እንግዳ ዶሮ ይገባዋል። የአባይን በረሃ እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን ድልድይ ተሻግሮ፣ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ዶሮው ታርዶ ይበለታል፤ ሉማሜን ሲያልፍ ሽንኩርቱ ግማሽ መንገድ ይደርሳል፤ ደብረ ማርቆስ ምሳ ልብላ ሳይል በቀጥታ ከመጣ እንቁላሉ ሲገባ ይደርሳል። ደጀን ላይ የደወለም ዶሮ ያገኛል፤ ብቻ ወጡ ትንሽ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ባለቤቴም ለሁለት ቀን አኩርፋኝ ትቆያለች። ደብረ ማርቆስ ላይ ለደወለ ልኳንዳ ቤቱ ካልዘጋ ጥብስ። አማኑኤል ላይ ለደወለ እንቁላል ፍርፍር። ደምበጫ ላይ ሆኖ «ደረስኩ» ላለ ሽሮ፣ እሷም ሽሮ ከልብ ከተሠራች ነው። ጅጋ ላይ ለደወለ ቡና፤ ያውም ቆሎው ሳይኖር። አስፋልቱ ላይ ሆኖ የደወለ ለስላሳ ጠጥቶ ይሂድ።

በዚህ ላይ ጾም አለ። ሰባቱ አጽዋማት ረቡዕንና ዓርብን ጨምረው የዓመቱን ግማሽ ያህል ይወስዳሉ። ስለዚህ እንግዳው ጎሐ ጽዮን ላይ በትክክል ቢደውል እንኳ በትክክለኛው ቀን መደወል ይጠበቅበታል። አሜሪካ የኖረ ሰው ደግሞ የእኛን ቀን መቁጠሪያ ረስቶታል፤ በጾመ ፍልሰታ መጥቶ «የአገሬ ቅቤ ናፈቀኝ» ይላል።

ታዲያ ሰዉ ለምን ቀደም ብሎ አይደውልም? መልሱ ግልጽ ነው፤ እንዳናዘጋጅ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ አባይ ራሱ እንግዳ ያስቆይ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ መሻገሪያው ይዘጋል፤ ከማዶ የመጣ ነጋዴ በቅሎውን አራግፎ፣ የባለቤቱን ጠላ እየጠጣ፣ የማይመለከተውን ሙግት ሁሉ እየዳኘ መስከረም እስኪጠባ ይከርማል። ለመሄድ ቢፈልግም አይችልም፤ ባለቤቱም ቢሰለቸው ማባረር አይችልም። ከዚህ የበለጠ ለወዳጅነት የተመቸ ወንዝ ከየት ይመጣል? ኋላ ግን ድልድዩ መጣ፣ አስፋልቱ ተዘረጋ፣ መኪናው ፈጠነ፤ መንገዱ ባጠረ ቁጥር ቆይታውም አብሮ አጠረ። እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ነበር የጠበቅሁት። መንገድ ላይ የተረፈው ያ ሁሉ ሰዓት የት ሄደ? እኔ ቤት እንዳልመጣ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን እንኳ ተመልከቱ። ከስደት ተመልሰው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። ከሦስት ወር በላይ! ዙፋን ቁጭ ብሎ እየጠበቃቸው፣ ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ፣ በጎጃም በኩል ቀስ እያሉ ነው የሄዱት፤ ጣሊያን ለቆላቸው የሄደው ቡሬም ላይ ሰንብተዋል። አዛውንቶቻችን ወጀት ትባል የነበረችውን ይህችን ከተማ ፍኖተ ሰላም ያሏት እሳቸው ናቸው ይሉናል። ስም ለማውጣት እኮ ትንሽ ቁጭ ማለት ይጠይቃል። ታዲያ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ወዳጄ ከንጉሠ ነገሥቱ የበለጠ ምን የሚጠብቀው ጉዳይ ኖሮት ነው?

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል በርሮ መጣ። አዲስ አበባ የአክስት ልጅ ሠርግ ነበረበት፤ ባሕር ዳር አማቾቹ ይጠብቁታል፤ በመሀል እኔ አለሁ። ደወለልኝ። «ምንም እንዳታዘጋጁ!» አለ። «የት ደረስክ?» ስለው «ማርቆስ» አለኝ። በእኔ ሕግ ጥብስ ነበር የሚገባው። ባለቤቴ ግን «አሜሪካ ድረስ የሄደ ሰው ጥብስ!» ብላ ሽንኩርቱን ጣደች፤ ልጃችንም ሮጦ አንድ የሚያስፈራ ቀይ አውራ ዶሮ ይዞ መጣ።

ሲደርስ የመኪናው ሞተር አልጠፋም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የቆይታው ልክ ከዚያች የሚንተከተክ ሞተር ይታወቃል። ገባ፤ «ኖር!» ብለን ተነሣን፤ «በእግዜር» አለ፤ እሱን አልረሳም። የአገራችን ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እንዴት ነህ፣ ደኅና ነህ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ፣ ጤናህስ፣ አየሩስ እንዴት ያደርጋችኋል፣ ብቻ ደኅና ነህ? ሰላምታውን ጨርሰን ስንቀመጥ ስልኩን አየ። ጠላ ቀረበለት፤ «ሆዴ አይችለውም» ብሎ ከቦርሳው የራሱን ሃይላንድ አወጣ። ዳቦ ተቆርሶ ቀረበ፤ «አፈር ስሆን!» ተባለ፤ ቆንጠር አድርጎ ያዘና እያወራ እጁ ላይ አቆየው። ቡናው ገና እየተቆላ ነበር። ባለቤቴ ሽታውን ወደ እሱ ስታቀርብለት እጁን እያወዛወዘ «እንዴት ናፍቆኝ ነበር!» አለና ቀረጸው። አዎን፣ ጭሱን በስልኩ ቀረጸው። አቦሉ ሳይቀዳ ተነሣ።

እስከዚህ ድረስ ሣቅ ነው። ሣቄን የወሰደብኝ የእናቴ ነገር ነው።

እኔና እሱ ከገጠር መጥተን ፍኖተ ሰላም አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የተማርነው። የእሱ ቤት ቋሪት ደጋው ላይ ነበር፤ ስንቅ አይደርስለትም። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ከብር ወንዝ ማዶ በእግሯ ትመጣለች፤ ድርቆሹን፣ በሶውን፣ የዳጉሳ እንጀራውን ተሸክማ። ሁልጊዜ ሁለት ቋጠሮ ነበር። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሱ፤ የማን እንደሚበልጥ ዛሬም ብትጠይቁኝ የእሱ ነበር እላለሁ። ያን ቀን «መጣ» ሲሏት ጓዳ ገባች፤ ነጩን ቀሚሷን ልትለብስ፣ መቀነቷን ልትታጠቅ፣ ነጠላዋን ልታስተካክል። ሰማንያን ያለፈ ሰው መቀነት ቶሎ አይታጠቅም። «እማዬ ልብስ እየቀየረች ነው» አልኩት። «አይ፣ ሾፌሩ ይጠብቀኛል፤ ሳምልኝ፤ በሚቀጥለው እመጣለሁ» አለ። ምርኩዟን ይዛ ስትወጣ አቧራው ገና በግቢው ነበር።

በሚቀጥለው! ለሰማንያ ዓመት አሮጊት «በሚቀጥለው» የሚባለው በምን ልብ ነው? አሜሪካ ድረስ ሄደህ ያንን ቃል ብቻ ነው እንዴ ተምረህ የመጣኸው? ስንት ቅዳሜ የበላህላት ሴት መቀነቷን እስክታስር መቆም ያቃተህ ሰው ልብህ ምን ላይ ተጣደ?

ማታ ደግሞ ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። የመጀመሪያው ማንኩሳ ላይ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚያ አይደል፤ መንገዱ ዳር ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ «የበዛብህ አገር» ብሎ ጽፎበታል። ለበዛብህ ጊዜ ነበረው! ያውም ላልተወለደ ሰው። ሁለተኛው ቡሬ ነው፤ በርበሬ በጆንያ ተከምሮ እሱ መሀሉ ተቀምጧል። ተቀምጧል! ከሥሩ በድምፅ ያስረዳል፤ የቡሬ በርበሬ ዋጋው አልቀመስ ብሎት፣ ሲከራከሩ ሁለት ሰዓት ፈጅቶ፣ በመጨረሻ ግን በደኅና ዋጋ እንደተገኘ። አንድ አንድ ዛላውን እያነሣ፣ እያሸተተ፣ ሰብሮ ፍሬውን እያየ ነው የመረጠው። ሁለት ሰዓት ማለት ጎበዝ፣ እናቴ ሦስት ጊዜ ለብሳ አውልቃ፣ ባለቤቴ ሽንኩርቱን አብስላ፣ ቡናውም በረካ ደርሶ ስኒው ታጥቦ ነበር።

ለእማዬ የበርበሬውን አልነገርኳት። እሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«በላ?»

«አልበላም።»

«ከስቷል?»

«ኧረ ወፍሯል፤ ጉንጩ ሊፈነዳ ነው።»

«እሰይ!» አለችና መቀነቷን መፍታት ጀመረች። በእሷ በኩል ነገሩ አለቀ።

በእኔ በኩል ግን አላለቀም፤ ቢሆንም ሾፌሩን መውቀስ አልችልም። በክልላችን ጦርነት ከተነሣበት ከሐምሌ 2015 ወዲህ በዚህ መንገድ የሚነዳ ሰው ፀሐይዋን እያየ ነው የሚነዳው። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ባሕር ዳር ሳይመሽ መድረስን የመሰለ ነገር የለም። ሞተሩን ያላጠፋው ለዚህ ነው ብዬ እቀበላለሁ። በርበሬውን ግን በየትኛው ልቀበለው? እሱንም ባለቤቴ ትመልስልኛለች። «የአንተ ወዳጅ ሜሪላንድ ያለች ሚስቱ በርበሬ ሳትይዝ እንዳትመጣ ብላው ቢሆንስ?» ትላለች። ሴቶች እንዲህ ባለው ነገር ይረዳዳሉ። ደግሞ እኔስ መቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ እሱ ቤት ተቀምጬ አውቃለሁ? ቪዛ ቢሰጡኝ ግን፣ ይህን በአደባባይ እናገራለሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ነው የምቀመጠው።

ለጊዜው ያስቸገረን አውራ ዶሮው ነው። ሽንኩርቱ በምስር አለቀ፤ ዶሮው ግን ሳይታረድ ተረፈ። ልጄ «ዳያስፖራው» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል፣ ከሰው እጅ ይበላል፣ የጎረቤትን ዶሮዎች ይደባደባል። ከሁሉ የከፋው ሰዓት አለማወቁ ነው፤ ሌሎቹ ንጋት ላይ ሲጮኹ እሱ ሰዉ ሊተኛ ሲል፣ ማታ በሦስት ሰዓት ይጀምራል። ጎረቤቴ ትናንት አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው «ጋሼ፣ ይሄ ዶሮ በአሜሪካ ሰዓት ነው እንዴ የሚጮኸው?» አሉኝ። ባለቤቴ ለፋሲካ ይታረድ ትላለች። ልጄ ካሁኑ ማልቀስ ጀምሯል። ጎረቤቴ ሽጡልኝ ይላሉ፤ የሚሰጡት ዋጋ ግን አያወያይም፤ እኔም እንደ ቡሬ በርበሬ ነጋዴ ጥቂት ልከራከራቸው አስቤያለሁ።