ባዶ እጅ የጠፋባት ከተማ

ከጎድን አጥንት በታች፣ በቀኝ በኩል፣ ጉበት የምትባል ከተማ ነበረች። ከሆድ ዕቃ የመጣ አብዛኛው እንግዳ በእሷ በር ያልፋል። ጠላም ይሁን ጠጅ ወይም አረቄ፣ ውስጡ ያለው ኤታኖል አንድ ነውና በር ጠባቂዎቹ አይለዩትም። ስማቸው አልኮል ዲሃይድሮጅኔዝ ነው፤ በያዟት ቅንጣት ዚንክ ታግዘው ከእንግዳው ላይ ሃይድሮጅን ይገፍፋሉ። የተገፈፈው እንግዳ ግን አሴታልዲሃይድ ሆኖ ከቀድሞው ይብሳል፤ የደረሰበትን ይመርዛል። ቶሎ ተቀብለው ገራም አሴቴት የሚያደርጉት የውስጥ ጓዳ ሠራተኞች፣ አልዲሃይድ ዲሃይድሮጅኔዞች ናቸው።

ከተማዋ እነዚህን ሁለቱን ታከብራለች። የተገፈፈውን ሃይድሮጅን ማን ይሸከመዋል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ተሸካሚዎቹ ኤንኤዲ ይባላሉ፤ ኒያሲን ከሚባለው ቫይታሚን የተሠሩ ናቸው። ሸክማቸውን ማይቶኮንድሪያ ከተባለው ምድጃ አራግፈው ካልተመለሱ ሌላ ማንሳት አይችሉም።

አንድ የድግስ ሌሊት ጋን በጋን ላይ ተደፋ። በር ጠባቂዎቹ አልሰነፉም፤ በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ኤታኖል ይገፍፋሉ፤ ጥቁር ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ይህን አያፋጥነውም። ተሸካሚዎቹ ግን ሸክማቸውን እንዳዘሉ በምድጃው ደጅ ተሰለፉ።

እኩለ ሌሊት ላይ ከአንጎል መልእክተኛ መጣ። «ጌቶቼ፣ ስኳር አለቀብን፤ ዓይናችን ጨለመ።» ጎተራው ባዶ ነበር፤ ባለቤቱ እህል ሳይቀምስ ነው የጠጣው።

ሽማግሌዎቹ ስኳር ሠሪውን አስጠርተው «አንተ ሰነፍ!» ብለው ተቆጡት።

«አባቶቼ፣ ስኳር የምሠራበት ላክቴት እስከ ጣራ ተከምሯል። ሃይድሮጅኑን የሚያነሳልኝ እጅ ነው ያጣሁት» አለ። ስብ የሚያነደውም ከጎኑ ቆሟል፤ ሳይነድ የቀረው ስብ ከጓዳ አልፎ መተላለፊያውን ሞልቶታል።

«እንግዲያው በር ጠባቂ ይጨመር» አሉ።

ከሰልፉ አንዲት አሮጊት ተሸካሚ ቀና አለች። «አባቶቼ፣ እጃችን ሳይለቀቅ በር ጠባቂ ብትጨምሩ ሸክሙን በማን ጀርባ ልትጭኑት ነው?»

አንዱ ሽማግሌ ሲዋይፒ 2ኢ1 የተባለውን ቅጥረኛ አነሳ። የድግሱ ብዛት ያበረታው ነው፤ በኦክስጅን ይሠራል፣ የእነአሮጊቷን እጅ አይፈልግም። ሲሠራ ግን ፍንጣሪ ይረጫል፤ ፓራሲታሞል ሲመጣም ከፊሉን መርዝ ያደርገዋል። ሁሉም የጠቆረውን ግድግዳ አይተው ዝም አሉ።

ሊነጋጋ ሲል የመጨረሻው ጋን አለቀ። አሮጊቷ ሸክሟን አራግፋ የስኳር ሠሪውን ደጅ አንኳኳች።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። እጄ ባዶ ነው።»