ስልክ ሳያውቁ ስለ ስልክ የማስረዳት ጥበብ

መጀመሪያ ወገን ይምረጡ። ስልኩን ከመምረጥዎ በፊት ማለቴ ነው። ስልኩን ገዝቶ፣ አንድ ሁለት ዓመት ተጠቅሞበት፣ ጉዱን አይቶ አስተያየት የሚሰጥ ሰው አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚናገረው ስለሚያጥረው ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ከጨዋታ ይወጣል። እርስዎ ግን ወይ የአይፎን ነዎት፣ ወይ የሳምሰንግ፣ በቃ። ምክንያት ከጠየቁዎት «አይፎን እኮ አይፎን ነው» ይበሉ። ይህን አባባል እስከ ዛሬ ያስተባበለ ሰው የለም።

ወገን ከያዙ በኋላ ሌላኛውን ድርጅት እንደ ደመኛ ይዩት። እዚህ ላይ ትንሽ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ድርጅቶቹ ራሳቸው ደመኝነቱን በቅጡ አይወጡትምና። አፕል በ2017 አይፎን ኤክስን ሲያወጣ ስክሪኑን የሠራለት ሳምሰንግ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ይቁጠሩልኝ፤ ስልኩም ከነሱው ነው።) ፎቶውን የሚያነሳው ሴንሰር ከሶኒ ይመጣል፤ ቺፑን የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ያመርትለታል። የአንድሮይድ ባለቤት የሆነው ጉግል ደግሞ የአፕል ተጠቃሚ ሳፋሪ ላይ የሆነ ነገር ሲፈልግ በጉግል በኩል እንዲፈልግ በ2022 ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ለአፕል እንደከፈለ አሜሪካ ፍርድ ቤት በቀረበ ሰነድ ታይቷል። እርስዎና የአጎትዎ ልጅ በአንድሮይድና በአይፎን ተኳርፋችሁ ፋሲካን ሳትጠያየቁ ስታሳልፉ፣ ሁለቱ ቤቶች ገንዘብ ሲላላኩ ነበር። የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊ እንኳ ቢያንስ ስታዲየም ገብቶ፣ ጨፍሮ፣ ጉሮሮው ተዘግቶ ይወጣል። እርስዎ ግን ከፍለው ነው የሚደግፉት፤ ጭፈራም የለው። ስለዚህ አንድ ሰው ይህን ወሬ ጠረጴዛው ላይ ካመጣው ቶሎ ብለው ሒሳብ ይጥሩ።

ሁለተኛው መሣሪያዎ መርሳት ነው። ሳምሰንግ በነሐሴ 2016 ኖት 7ን ሲያስተዋውቅ አቅራቢው «የኢርፎን ቀዳዳ አለው» ብሎ ተመልካቹን አሳቀ፤ አፕል ቀዳዳውን ሊያነሳ ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ነበርና። በ2019 ኖት 10 ሲወጣ ቀዳዳው የለም። በ2020 አፕል ቻርጀሩን ከካርቶኑ ሲያወጣ ሳምሰንግ «የእኛ ካርቶን ውስጥ ግን አለ» የሚል ሽሙጥ ለጠፈ፤ ብዙ ወራት ሳይቆይ ኤስ 21 ያለ ቻርጀር መጣ፣ ሽሙጡም ከገጹ ጠፋ። ጥሩ ደጋፊ ሁለቱንም ጊዜ በእኩል ስሜት ያጨበጭባል። ቀዳዳው ሲኖር «ለተጠቃሚ የሚያስብ ድርጅት»፣ ሲጠፋ «ወደፊት የሚያይ ድርጅት»። ለስድቡም እንዲሁ ነው፦ አፕል ቻርጀር ሲከለክል ስግብግብ፣ ሳምሰንግ ሲከለክል ለአካባቢ ተቆርቋሪ።

አሁን ሱቅ እንግባ። ስልክ ሲገዙ ቁጥሩ የበዛውን ይግዙ። ካሜራው 108 ሜጋፒክስል ነው ካሉዎት 12ቱን የያዘውን ጎረቤትዎን በሐዘኔታ ይዩት። አፕል ከ2015 እስከ 2021 ያወጣቸው አይፎኖች ዋና ካሜራ 12 ሜጋፒክስል ላይ እንደተቀመጠ፣ ለፎቶ ጥራት የሴንሰሩ ስፋት፣ ሌንሱና ምስሉን የሚያቀናብረው ሶፍትዌር ከቁጥሩ እንደሚበልጡ የሚነግርዎ ካለ፣ «ታዲያ ለምን ቁጥሩን ጻፉት?» ብለው ያፋጥጡት። ለፓወር ባንክም ሕጉ ያው ነው። 50,000 የተጻፈበትን ያንሱ። በእጅዎ ሲመዝኑት ቅልል ካለ «ቴክኖሎጂ ነው» ይበሉ። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፉት እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለውን ነው፤ ይህም 27 ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ይሆናል። የእርስዎ ግን እንደ ጽሑፉ ከሆነ 185 ነው፤ አውሮፕላን ላይ ጭራሽ መውጣት አልነበረበትም። ፈታሹ ዝም ብሎ ካሳለፈዎ ውለታ የዋለልዎ እንዳይመስልዎ፤ ጽሑፉን አላመነውም።

ከውጭ የሚመጣ ስልክ ሁልጊዜ ይሻላል፤ ይህም አይጠየቅም። ቦሌ አንድ ሱቅ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ከነካርቶኑ አዲስ አይፎን ይዘው ገብተው ሲም እንዲገባላቸው ጠየቁ። ልጁ የሲም መርፌዋን ይዞ የስልኩን አራት ጎን ዞረው። መልሶ ዞረው። ከቨሩን አውልቆ ብርሃን ላይ አገላበጠው።

«ጋሼ፣ ይሄ የሲም ቦታ የለውም።»

«እንዴት የለውም? ከሜሪላንድ እኮ ነው የመጣው!»

«እሱ ነው ችግሩ።»

ልጁ ልክ ነበር። ከ2022ቱ አይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚወጡት የሲም መክተቻ የላቸውም፤ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። ያኔ ዱባይ የተገዛው አቻው መክተቻ ነበረው። ጎልማሳው ግን የያዙት አሜሪካኛ መሆኑን ነውና «አላወቅህበትም» ብለው ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄዱ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። በተለይ ያገለገለ ስልክ ሲገዙ አይክላውዱ መውጣቱን፣ ስልኩ ለአንድ የአሜሪካ ኔትወርክ የተቆለፈ አለመሆኑን አይጠይቁ። የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ካላወጣ ስልኩ እንደማይከፈት ከ2013 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሻጩን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሰው አለማመን ነው፣ ነውርም ነው።

ስለ ባትሪ የሚያምኑትን ሁሉ ከሞቶሮላ ዘመን ያምጡት። አዲሱን ስልክ ሳይከፍቱ ስምንት ሰዓት ቻርጅ ያድርጉት፤ ከዚያ ወዲያ ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ አይሰኩት። ምክሩ መሠረት የለውም አይባልም፤ የድሮው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ሳያልቅ እየተሞላ ከኖረ አቅሙ ይቀንስ ነበር። የዛሬው ሊቲየም አዮን ግን የሚጎዳው በሙቀትና ዜሮ እየገባ በመቆየት ነው። ስለዚህ ዜሮ ያስገቡት፣ ከዚያ ቻርጅ ላይ ሰክተው ትራስ ሥር ይሸጉጡት። ቀን ቀን ደግሞ አፖቹን በጣትዎ ወደ ላይ እየወረወሩ ይዝጉ። በየሦስት ደቂቃው ይዝጉ። ቴሌግራምን ዘግተው ወዲያው ሲከፍቱት ስልኩ ከባዶ ስለሚያስነሳው የበለጠ ባትሪ ይበላል፤ ግን ጣትዎ ሥራ ይዟል፣ ልብዎም ጸጥ ብሏል።

ከሁሉም የሚያስቸግርዎ እውነት የሆነ ሐሜት ነው። «አፕል አሮጌ ስልክ ሆን ብሎ ያንቀረፍፋል» እየተባለ ለዓመታት ተወራ፤ ታኅሣሥ 2017 ላይ አፕል ራሱ አመነ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያረጀ ባትሪ ስልኩ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቀው አይችልም፣ ስልኩም 30 በመቶ እያለው ድርግም ይላል። ይህን ለማስቀረት የስልኩን ፍጥነት የሚቀንስ ማሻሻያ ተጫነ። ጥፋቱ ለባለቤቱ በግልጽ አለመነገሩ ነበር፤ ባትሪ ቀይሩ ቢባል ስንቱ አዲስ ስልክ ከመግዛት በዳነ። አፕል ይቅርታ ጠየቀ፣ የባትሪ መቀየሪያውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በ2020 ደግሞ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

አስተዋይ ሰው ከዚህ ተነስቶ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የባትሪውን ጤንነት ያያል፤ ከ80 በመቶ ከወረደ ባትሪውን ያስቀይራል፣ ስልኩም ይነቃል። እርስዎ ግን «አላልኩም ነበር!» ይበሉ። ጠረጴዛውን መታ ያድርጉ፣ ድርጅቱን ሌባ ይበሉት፤ ከዚያ በንዴት ሄደው አዲስ አይፎን ይግዙ። ለበቀል ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም፤ አፕልም ያየ አይመስለኝም።

ሳምሰንግን ለሚያሙም የሚሆን አለ። ኖት 7 በባትሪ ጉድለት እሳት እያስነሳ በ2016 ከገበያ ተሰብስቧል፤ ምርቱም ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ የአይፎን ሰው «ሳምሰንግ ይፈነዳል» ማለቱን ግን መቀጠል አለበት። ይህን እያለ ከመንገድ ዳር ስም የሌለው ቻርጀር ይግዛ፤ ክብደቱ ከካርቶኑ ያልበለጠውን ይምረጥ። ጭስ ካየ «ሶኬቱ ነው» ይበል።

ስለ ቴክኖ ሲወራ ከንፈርዎን ቆልመም ያድርጉ። ይህ ክፍል ረዘም ያለ ልምምድ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም እዚህ ንቀቱን የሚያበላሹ ብዙ ነገሮች አሉ። ባለቤቱ ሼንዠን ያለው ትራንሽን የተባለ ኩባንያ ነው፤ በገዛ አገሩ ብዙም የሚያውቀው የለም፣ አፍሪካ ውስጥ ግን ከሁሉም በላይ ስልክ ይሸጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ መገጣጠም ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ትልልቆቹ ስሞች አማርኛን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት፣ የግዕዝ ፊደል የታተመባቸው ቁልፎች ያሉት ርካሽ ስልክ ለገበያ ያቀረበ እሱ ነው፤ ለእናቶቻችን ስም መጻፍ ቀለለላቸው። ካሜራው የጥቁር ሰውን ፊት ከነመልኩ እንዲያወጣ ተብሎ ተስተካከለ፤ በውዱ ስልክ የሠርግ ፎቶ ላይ ጥርስና ቬሎ ብቻ ታይቶ ያልተናደደ ካለ ይህን ነጥብ ይለፈው። ሁለት ሲም፣ ቀናት የሚቆይ ባትሪ፣ መብራት ሲጠፋ የምትበራ ባትሪ አናቱ ላይ፤ ይህን ሁሉ ያሰበው የናቁት ነው።

ታዲያ እንዴት ይንቁታል? ቀላል ነው። «የቻይና ነው» ይበሉ። ይህን ሲሉ በእጅዎ ያለው አይፎን ካርቶን ላይ የተገጣጠመበት አገር ተጽፎ ከሆነ በአውራ ጣትዎ ይሸፍኑት። እንዲያውም ቴክኖ የያዘውን ከኢንፊኒክስ ያዡ፣ ሁለቱን ከአይቴል ያዡ ጋር ያጋጯቸው፤ ሦስቱም የአንድ ባለቤት ልጆች መሆናቸውን ከመሐል የሚያውቅ ካልተገኘ ክርክሩ እስከ ምሳ ይዘልቃል።

ኖኪያንም አይርሱ። ኖኪያን እያነሳ የማያለቅስ የስልክ ተከራካሪ ገና አልበሰለም። «የድሮ ስልክ ከፎቅ ቢወድቅ ወለሉ ነው የሚሰበረው» ይበሉ። ቤት ውስጥ መሳቢያ ውስጥ ቻርጅ የማይዝ 3310 ካለዎት መቼም አውጥተው አይጠቀሙበት፤ ፍቅሩ ይቀንሳል።

ስልክዎ ውኃ ውስጥ ከገባ ሩዝ ውስጥ ይቅበሩት። አፕል በ2024 የሩዝ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳ ስለሚችል ተዉት ብሎ ጽፏል፤ ግን አፕልን ስለ ሩዝ ማን አማካሪ አደረገው? ስልኩ ከተረፈ ሩዙ አዳነው፤ ካልተረፈ ሩዙ ያረጀ ነበር።

«ስልኬ ወሬዬን ይሰማል» የሚለውንም ይያዙ። ትናንት ስለ ሶፋ አውርተው ዛሬ የሶፋ ማስታወቂያ መጣ፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ይህን እየተናገሩ የእጅ ባትሪ ለማብራት ብቻ ያወረዱት አፕ ያሉበትን ቦታ እንዲያውቅ ሲጠይቅዎ ሳያነቡ «አዎ» ይጫኑ። በ2013 አንድ የእጅ ባትሪ አፕ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ለማስታወቂያ ሰዎች ሲያቀብል ተገኝቶ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጠይቆታል። ማይክራፎን አላስፈለገውም፤ እርስዎ ፈቅደውለታል።

አሁን ዕውቀትዎ ስለተመሰከረ ሰው ሊያማክርዎ ይመጣል። የእህትዎ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፤ ብር ይዛ «አጎቴ፣ ምን ስልክ ልግዛ?» ትላለች። ለምን እንደምትፈልገው አይጠይቋት። ያሰበችው ስልክ የሶፍትዌር ማሻሻያ ስንት ዓመት እንደሚደርሰው አይንገሯት፤ ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከኤስ 24 ጀምሮ ለአንዳንድ ስልኮቻቸው 7 ዓመት ቃል መግባታቸው ለርስዎ ክርክር አይጠቅምም። ስክሪኑ ቢሰበር እዚህ መርካቶ ዕቃው ይገኛል ወይ የሚለውም የሽማግሌ ጥያቄ ነው። የያዙትን ስልክ ከኪስዎ አውጥተው ያሳዩአት፣ «ይህን ነው» ይበሏት፤ ብሩ አይበቃኝም ካለች የዚያኑ የሁለት ዓመት አሮጌ ትግዛ። ስልኩ ሃንግ ማድረግ ከጀመረ «ብዙ አፕ ጭነሽ ነው» ይበሏት። ባትሪው ካበጠ «የገዛሽበት ሱቅ ነው ችግሩ»። ሱቁን ያሳዩአት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ግድ የለም፣ ኔትወርኩ አለ።