«ታፔቱ ነው» ይሉናል

ያገለገለ መኪና የምንነዳ ሰዎች የጋራ ደመኛችን አንድ ነው፤ ከኮፈን ስር የሚመጣ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ። ማለዳ ሞተሩ ሲነሳ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ጋራዥ በር ላይ ስንደርስ ጭጭ! መካኒኩ ጆሮውን አስግጎ «ምንም የለውም እኮ ጋሼ» ይለናል። «ጠዋት ብትሰማው!» እንላለን። ጠዋት መጥቶ ማን ይሰማልን?

መኪናው ሊያዋርደን አስቦ አይደለም። ሃይድሮሊክ ታፔት ሆዱ ውስጥ ዘይት ቋጥሮ በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ትንሽ ብረት ነው። መኪናው ቆሞ ሲያድር ከአንዳንዱ ዘይት ይሾልካል፤ ፓምፑ መልሶ እስኪሞላው ብረት ከብረት ይማታል። በጥቂት ሰከንድ ከጠፋ በሽታ አይባልም። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱን አግቶ የሚያስቀር ላስቲክ የሌለው ርካሽ ፊልትሮ ግን ይህችን ጥቂት ሰከንድ ያረዝማታል።

የሚያሳስበው ሲሞቅ የሚመጣው ነው። መገናኛ ሰልፍ ውስጥ ሞተሩ ግሎ፣ ዘይቱ ቀጥኖ፣ ሚኒሞ ላይ ስንቆም «ጠቅ ጠቅ» ይጀምራል፤ ነዳጅ ረገጥ ስናደርግ ይጠፋል። ይህ ወይ የዘይት ግፊት ወርዷል፣ ወይ ታፔቱ አርጅቶ ዘይት መያዝ አቅቶታል ማለት ነው። ይህም ቢሆን ጋራዥ ተራ ስንጠብቅ ሞተሩ ይበርድና ማስረጃችን ይጠፋል።

ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፤ «ታፔት ይቀየር!» ባለ 16 ቫልቭ ሞተር 16 ታፔት ይፈልጋል፤ ሶማሌ ተራ ሄዶ ዋጋ መጠየቅ በራሱ ራስ ምታት ነው። እስከዚያ ድረስ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዝዞ ያየ ሰው የለም። ዘይት ሲያንስ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ክራንክሻፍቱ ይንጠውና አረፋ ያደርገዋል። አየር የገባበት ታፔት ይለሰልሳል፤ ይህ በነፃ የሚታይ ነገር ነው። ቀጥሎ ግፊቱን በጌጅ መለካት ነበር፤ ጌጁ ግን ሁልጊዜ «ጓደኛዬ ወስዶታል» ነው። ግፊት በሌለው ሞተር ላይ አዲስ ታፔት ተገጥሞ ድምፁ ሲመለስ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል።

አንዳንዱ ደግሞ «ላስተካክልልህ» ይላል። የላዳ ቫልቭ በ0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይስተካከላል፤ ትክክል ነው። ባለ 2ዜድአር ሞተሩ ኮሮላ ግን ክፍተቱን ራሱ ነው የሚሞላው፤ ምኑ ይስተካከላል? በተቃራኒው በመጀመሪያዎቹ ቪትዞች ላይ «ሃይድሮሊኩ ሞቷል» ይሉናል። ያልነበረው እንዴት ይሞታል?

ጥሩ ጆሮ ያለው መካኒክ ረጅም ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግናል፤ እንዲህ ያለውን ሳገኝ እጁን ልስመው ይቃጣኛል። ኢንጀክተርም ጠቅ ጠቅ ይላል፤ የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን ሲቃጠልም እንዲሁ። የታፔት ድምፅ ቀጭን ነው፤ ካምሻፍቱ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንዴ ብቻ ስለሚዞር ምቱም በዚያው ልክ ዘገም ይላል። ከታች «ኳ ኳ» የሚል፣ ዳገት ላይ የሚብስ ከሆነ ግን የኩሽኔታ ነገር ነውና ወዲያው ማጥፋት ነው። ታፔቱ መለስለሱን ለማወቅ ደግሞ ክዳኑን ከፍቶ፣ የካሙን ጉብታ አዙሮ፣ ታፔቱን በእንጨት መጫን ነው፤ ቫልቩ ሳይነቃነቅ ታፔቱ ብቻ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ለስልሷል።

ሻጮችና ደላሎችስ? ወፍራም ዘይት ሞልተው ዝም ያሰኙልናል። በሳምንቱ፣ በብርዳም ጠዋት፣ ያ ወፍራም ዘይት ታፔቱ ጋ እስኪደርስ ሞተሩ ከበፊቱ ብሶ ይንቋቋል፤ የደላላው ስልክም አይነሳም።

ተሸንፈን ታፔቱን ብናስቀይርም አላለቀም። ቮልስዋገን አዲስ ታፔት ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነሳ እንዲቆይ ያዛል፤ በዘይት የተወጠረው ታፔት እስኪረግብ ቫልቩን ከፍቶ ስለሚይዝ ከፒስተን ሊያጋጨው ይችላል። የኛው ልጅ ግን ክዳኑን ገና ሳያጠብቅ ቁልፉን ይጠይቀናል፤ «ጋሼ፣ አንዴ እንስማው እስቲ!»