አሁንም ያንኑ መጽሐፍ?

ሳውዝሃምፕተን፣ እንግሊዝ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እታለም፣ የእማዬ ጉልበት ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ዝናብ በቀር፣ ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ማታ ማታ ምን ትሠሪያለሽ?» ስትይኝ፣ ያንኑ የጄን ኦስተንን ልቦለድ እያነበብኩ ነው ብልሽ በሳቅ ፈረስሽ። «መጨረሻውን ለምታውቂው መጽሐፍ ዓይንሽን ምን ያስለፋሻል?» አልሽኝ። መልስ ልሰጥሽ ስል እንደ ልማድሽ መሀል እየገባሽ ስላላስጨረስሽኝ በደብዳቤ መጣሁ። እስቲ ደብዳቤ አቋርጪ!

መጀመሪያ አንድ ነገር መልሺልኝ። እማዬ የሠርጓን ቀን ስታወራ፣ በቅሎዋ ደንብራ ሙሽራውን እንደያዘች ወጥ ቤት ድንኳን ውስጥ እንደምትገባ ከመካከላችን የማያውቅ አለ? የለም። ግን ገና «በቅሎዋ ደግሞ ትንሽ አመለኛ ነበረች» ስትል ቀድመሽ ሆድሽን የምትይዢው አንቺ ነሽ። ጋሼ እንኳ የዜናውን ድምፅ ይቀንሳል። በቃ፣ የኔም ነገር እንዲሁ ነው።

መጽሐፉ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1813 ነው የታተመው። ቤኔት የሚባሉ ባልና ሚስት አምስት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ ወንድ የላቸውም። ርስቱ ደግሞ ለወንድ ብቻ የሚወርድ ስለሆነ፣ አባትየው ዓይናቸውን የከደኑ ዕለት ቤቱም መሬቱም ኮሊንስ ለሚባል የሥጋ ዘመድ ሊያልፍ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ቤኔት ሲነሡም ሲተኙም የሚያስቡት ባል ብቻ ነው። ሠፈሩ ውስጥ አንድ ሀብታም ወንደላጤ ቤት ሲከራይማ እንቅልፍ አጡ። ትልቋ ልጃቸው ጄን እዚያ ቤት እራት ስትጠራ በሠረገላ ሳይሆን በፈረስ ይልኳታል። ምክንያቱም ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከዘነበ እዚያው ማደሯ ነው። ዘነበ። ልጅቷ በስብሳ ደረሰች፣ ብርድ መታት፣ ተኛች፤ እናትየው ግን ያሰቡት ሠምሮላቸው በደስታ ሊበሩ ምንም አልቀራቸው። እታለም፣ እኚህን ሴትዮ አላወቅሻቸውም? የጎረቤታችን ልጅ ከአሜሪካ የመጣ ጊዜ፣ በዚያ የሐምሌ ዶፍ፣ ድፎ ዳቦ አሸክማ ያለ ጃንጥላ የላከችኝ ማን ነበረች?

ከሁሉ የምወደው ግን የኮሊንስን የጋብቻ ጥያቄ ነው። ሰውየው ቄስ ነው (የነሱ ቄስ ከተሾመ በኋላም ያገባል)፤ ርስታቸውን ለመውረሱ ካሣ እንዲሆን ከልጆቹ አንዷን ሊያገባ መጥቷል። ሽማግሌ የለ፣ አማላጅ የለ፤ ቁርስ እንደተበላ የቤኔቶቹን ልጅ ኤልዛቤትን ለብቻዋ ይዞ ለምን ማግባት እንደፈለገ ያስረዳት ጀመር። አንደኛ፣ ካህን ለምእመናኑ አርአያ መሆን ስላለበት። ሁለተኛ፣ የራሱን ደስታ ስለሚጨምርለት። ሦስተኛ፣ ሌዲ ካትሪን የተባሉት አሳዳሪው እመቤት «አግባ» ስላሉት። ፍቅሩ የሚመጣው ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ የስብሰባ አጀንዳ ላይ «ልዩ ልዩ» እንደሚባለው። እምቢ ስትለው ደስ ይለዋል፤ ጨዋ ሴት መጀመሪያ እምቢ ማለቷ ወግ ነው ብሎ። ደግማ እምቢ ስትለው ይብሱን ደስ ይለዋል። መጀመሪያ ሳነበው በግድ ይድሯት ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ሳቁ አመለጠኝ። አሁን ግን እናትየው «ካላገባሽው ዓይንሽን አላይም» ሲሉ፣ አባትየው በበኩላቸው «ካገባሽው እኔ አላይሽም» ብለው እንደሚገላግሏት ስለማውቅ፣ ሻዬን ይዤ፣ ተደላድዬ ነው የምሰማው።

ጸሐፊዋ ራሷ ወጉን ታውቀዋለች። በ1802 አንድ የቤተሰብ ወዳጅ ለጋብቻ ቢጠይቃት ማታ እሺ ብላ፣ ሌሊቱን ስታስብበት አድራ፣ ጠዋት እምቢ አለችው። ከዚያም ሳታገባ ኖራ በ1817፣ በ41 ዓመቷ ሞተች። ይቺን ለእማዬ አታንብቢላት።

ደግመሽ ስታነቢ የምታገኚው ሌላው ሰው፣ መጨረሻ ላይ ኤልዛቤትን የሚያገባት ዳርሲ ነው። አንደኛ ጊዜ ከኤልዛቤት ጋር ሆነሽ ስትረግሚው ታመሻለሽ፤ በጭፈራው ምሽት መልኳን አቃልሎ ሲናገር ሰምታዋላ! ሲደገም ግን ምስኪኑ ገና ከስድስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ዓይኑን ከዓይኗ መንቀል አቅቶት፣ ከሌላ ሰው ጋር የምታወራውን ለመስማት አጠገቧ ሲያንዣብብ ታይዋለሽ። ተጽፏል እኮ! እኛ ነን በንዴት አልፈነው የሄድነው። 34ኛው ምዕራፍ ላይ ይመጣና፣ ቤተሰብሽ ለእኔ አይመጥንም፣ ክብሬንም ይነካል፣ ግን ምን ላድርግ ወድጄሻለሁ ዓይነት ነገር ይላታል። እኛ ቤት መጥቶ እንዲህ ቢል ጋሼ ቡናው እስኪፈላ የሚታገሠው ይመስልሻል?

ኤልዛቤት ሻርሎት የምትባል ጓደኛ አለቻት፤ 27 ዓመት ሞልቷታል፣ ገንዘብ የላትም፣ ያንን ኮሊንስን ዓይኗን ጨፍና ታገባዋለች። ኤልዛቤት ልትጠይቃት ስትሄድ አንድ ነገር ግር ይላታል፤ የተሻለው ክፍል እያለ ሻርሎት ለምን ከኋላ ባለው ክፍል ትውላለች? ነገሩ ወዲህ ነው። የባልየው ክፍል መስኮት ወደ መንገዱ ያሳያል፤ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ እዚያው ይውላል። የሷም ክፍል እንደዚያ ደስ የሚል ቢሆን ኖሮ እግሩ ከሷ አይለይም ነበር። በዚያ ላይ አትክልት መኮትኮት ለጤና ጥሩ ነው እያለች ወደ ጓሮ ታበረታታዋለች። ባልን የማራቅ ጥበብ በጥቂት መስመር! ለአንቺ ቤት አሠራር የሚሆን ባይመስለኝም አስቢበት።

የምንከባከባቸው አሮጊት (በልቤ እማማ ነው የምላቸው) ዓይናቸው ስለደከመ ከምሳ በኋላ ይህንኑ መጽሐፍ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ሁሌ «ፈጠንሽ» ይሉኛል። ጄን ኦስተንም የመጀመሪያው ቅጂ ቻውተን በሚባለው መንደር እቤቷ የደረሳት ሰሞን፣ እናቷ ለጎረቤት ሲያነቡ ይፈጥናሉ ብላ ለእህቷ በደብዳቤ አማርራለች። መጽሐፉ ላይ ስሟ አልታተመምና ጎረቤትየዋ ደራሲዋ አጠገቧ መቀመጧን አላወቀችም። እኔና እማማ የምንጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እሳቸው ዳርሲ ኩሬ ውስጥ ዋኝቶ በርጥብ ሸሚዝ ይመጣል ባይ ናቸው። ያ ግን ቢቢሲ በ1995 ባሳየው ተከታታይ ፊልም ኮሊን ፈርዝ ያደረገው ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ሰውየው በፈረሶቹ ጋጣ በኩል ደርቆ ነው የሚመጣው። ገጹን አውጥቼ ባነብላቸው «ዘለልሽው» አሉኝ።

አንድ ልጨምርልሽ። ከ2017 ጀምሮ ባለ 10 ፓውንዱ ኖት ላይ የጄን ምስል አለ፤ ከሥሩም ማንበብን የሚያህል ደስታ የለም የሚል ሐሳብ ያለው የዚሁ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር ታትሟል። ያምራል። ያን የተናገረችው ግን ዳርሲን ለማጥመድ ከጎኑ መጽሐፍ ይዛ የተቀመጠች ሴት ናት። መጽሐፉንም የመረጠችው እሱ የሚያነበው ቅጽ አንዱን ስለሆነ ቅጽ ሁለቱን ልያዝ ብላ ነው። ከመናገሯ በፊት አዛጋች፤ ከተናገረች በኋላም ደግማ አዛግታ መጽሐፉን ወረወረችው። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ሳገኝ አንዱን ኖት እልክልሻለሁ፤ እንዳትመነዝሪው።

እማዬን ሳሚልኝ። የዳርሲ የዓመት ገቢ 10,000 ፓውንድ መሆኑን ከነገርሻት «አግብቷል እንዴ?» ማለቷ አይቀርም። አግብቷል በያት። በየዓመቱ ያገባል፤ ሙሽራዋ ግን ያቺው ናት።

ናፋቂ እህትሽ