ይመረቅ እንጂ አይነዳ

አዲስ አበባ ውስጥ ከልቤ የማዝንለት አውቶቡስ ቢኖር በተመረቀ ማግስት ሥራ የሚጀምረው ነው። ትናንት መስቀል አደባባይ ላይ ታጥቦና ተወልውሎ፣ ግንባሩ ላይ ሪባን ታስሮለት፣ ክቡራን እንግዶች መሪውን ይዘው ፎቶ ሲነሱበት የዋለ ንብረት፣ በነጋታው መርካቶ ገብቶ "ይችን ኬሻ ሽንኩርት ሳልጭን አልሄድም" ከሚሉ እናት ጋር ይጨቃጨቃል። ከቴሌቪዥን ወርዶ ፌርማታ ላይ መቆም ለማንም ቢሆን ከባድ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። የከተማችን አውቶቡሶች ከምረቃው አደባባይ ባይንቀሳቀሱስ?

እየቀለድኩ አይደለም። የእስካሁኑን አሠራር በጥሞና ለተከታተለ ሰው፣ አውቶቡስ የምንገዛው ልናስመርቀው እንደሆነ፣ ሰው ማመላለሱ ግን በመሐል የገባ እክል እንደሆነ ግልጽ ነው። የተነዳ አውቶቡስ ናፍጣ ይጠጣል፣ ጎማ ይጨርሳል፣ ፍሬን ሸራው ያልቃል፣ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፣ ባሌስትራው ይሰበራል። ያልተነዳ አውቶቡስ ምንጊዜም አዲስ ነው። ቀለሙ ከታደሰ ለከርሞው ምረቃም ይደርሳል።

ወደ ኋላ ሄደን ብናይም ነገሩ ይኸው ነው። አንበሳ አውቶቡስ በ1930ዎቹ ተቋቁሞ ከከተማዋ ጋር አብሮ አድጓል። ቀይና ቢጫው አውቶቡስ ስንቱን ተማሪ ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ፣ ስንቱን ነጋዴ ከለገሃር መርካቶ አመላልሷል። ለረጅም ጊዜ ያገለገሉትን ዳፍ አውቶቡሶች መካኒኮቹ ከማወቃቸው የተነሳ ሞተሩ ሲያስል ሰምተው የቱ ጋ እንዳመመው ይናገሩ ነበር ይባላል። ይህ እጅግ አደገኛ ነገር ነው። መካኒክ መኪናውን አብዝቶ ካወቀው ይጠግነዋል፤ ከተጠገነ አዲስ አይገዛም፤ አዲስ ካልተገዛ ደግሞ ሪባን አይቆረጥም።

አደጋው በጊዜ ታወቀና መፍትሔ ተበጀለት። ዳፉ ሲለመድ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) እጅ የተገጣጠመው ቢሾፍቱ አውቶቡስ መጣ። እሱን መልመድ ስንጀምር፣ በየመንገዱ ዳር ኮፈኑን ከፍቶ ሲቆም ማየቱንም ስንለምደው፣ ባለ ሁለት ፎቁ መጣ። ምድር ቤቱ በሰዓቱ ላልደረሰለት ሕዝብ ፎቅ ተጨመረለት ማለት ነው። በዚሁ መሐል ሸገር የሚባል ሌላ ድርጅት ተወለደ፤ እሱም የራሱን ምረቃ አገኘ። አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት የመንግሥት አውቶቡስ ድርጅት ምን ያደርጋል ተባለና ቆይተው ሁለቱ ተዋሐዱ፤ አዲስ ስም ወጣ፣ አዲስ ማኅተም ተቀረጸ። ፌርማታ ላይ የቆመው ሰው ግን ለውጡን ወዲያው ልብ አላለውም፤ የሚያነበው የአውቶቡሱን ቁጥር ነበርና።

የግዢው ጥበብ ከዚህም ይረቅቃል። አንድ ዓይነት አውቶቡስ ሁለት ጊዜ አለመግዛት፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው። የአንዱ ቡሎን ለሌላው እንዳይሆን፣ የዚህኛው ፖምፓ ከዚያኛው ሞተር እንዳይገጥም ተደርጎ ሲገዛ፣ ዲፖው በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ሙዚየምነት ይለወጣል። መለዋወጫ ከውጭ ይምጣ ቢባል ዶላር ያስፈልጋል፤ ዶላር ደግሞ ወረፋ አለው። እስከዚያው መካኒኩ ከቆመው እየነቀለ ለሚሄደው ይገጥማል። በዚህ ዘዴ ሁለት በሽተኛ አውቶቡሶች ገብተው አንድ ጤነኛና አንድ አፅም ሆነው ይወጣሉ። አፅሙ ግን አይወጣም፤ እዚያው ሣር ይበቅልበታል። በሪፖርቱም ላይ "ከድርጅቱ ተሽከርካሪዎች መካከል" ተብሎ በክብር ይቆጠራል።

እዚህ ላይ የገንዘቡን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ሰው አውቶቡስን የሚያማው በጀት ስለማያውቅ ነው። የመንግሥት አውቶቡስ ታሪፍ ወጪውን አይሸፍንም። እንዲሸፍንም አልታሰበም፤ ደሃው እንዲሳፈር ተብሎ ዝቅ ተደርጎ የተተመነ ነው፤ ክፍተቱን የከተማው አስተዳደር በድጎማ ይሞላል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው፤ በዓለም ላይ ብዙ ከተማ የሚያደርገው ነው። ጨዋታው ያለው ገንዘቡ በየትኛው በር እንደሚገባ ነው። አዲስ አውቶቡስ መግዛት ካፒታል በጀት ነው፤ ዜና አለው፣ ንግግር አለው፣ "በቀን ይህን ያህል ሺህ ሕዝብ ያጓጉዛል" የሚል አኃዝ አለው። ጥገና መደበኛ በጀት ነው፤ ንግግርም የለው፣ ካሜራም የለው። ለመሆኑ ለፍሬን ሸራ ሪባን ተቆርጦ ያውቃል? አንድ የሥራ ኃላፊ ፍሪሲዮን ዲስክ ታቅፎ ጋዜጠኛ ፊት ሲቆም ያየ አለ? የጥገና በጀት ሲቀነስ ደግሞ የሚጮኸው ሞተሩ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ጥበብ ፍሬው የሚታየው አመሻሽ ላይ መገናኛ ነው። አውቶቡሱ ዲፖ ውስጥ አፅም ሆኖ ሲያርፍ ከተማው በሚኒባስ እጅ ይወድቃል። ታፔላው "መገናኛ – ሜክሲኮ" ይላል፤ ወያላው "22 ብቻ! 22 ብቻ!" ይላል። 22 ላይ ወርደህ ሌላ ስትይዝ "ስታዲየም ብቻ!"፤ ስታዲየም ደግሞ የሜክሲኮው ይጀመራል። አንዱ መንገድ ሦስት ሆኖ ሦስት ጊዜ ይከፈልበታል። ባለፈው አንድ ሽማግሌ በትሕትና "ልጄ፣ ታፔላህ እኮ ሜክሲኮ ነው የሚለው" ቢሉት፣ ወያላው ፊቱን እንኳ ሳያዞር "እንግዲያው አባባ፣ በታፔላው ይሂዱ!" አላቸው። ተራ አስከባሪው ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ከዚያ አራት ሰው በሚቀመጥበት የኋላ ወንበር አምስት ሆነን "ጠጋ ጠጋ በሉ" እየተባልን ወደ 22 ሄድን። ወያላውን አልፈርድበትም። አሠሪው የቀን ገቢ ይጠብቀዋል፤ ነዳጁ ይጨምራል፤ መንገዱ ይዘጋጋል። የሚቆርጠው ሪባን ስለሌለው መንገዱን ይቆርጣል።

"ባቡሩስ?" የሚል አይጠፋም። ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 41 ባቡር ይዞ፣ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ተዘርግቶለት፣ እጅግ ባማረ ምረቃ ነበር። በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። እነሆ አውቶቡሶቻችን ምን ያህል ተፅዕኖ ፈጣሪ እንደሆኑ፤ የዲፖውን ባህል ሐዲድ ላይ አወጡት! በዚህ በኩል ፍጹም የሆነው ከዊንጌት ጀሞ ይዘረጋል ተብሎ ከአሥር ዓመት በላይ በጥናትና በስምምነት የቆየው ፈጣን የአውቶቡስ መስመር ነው። በጥናት ላይ ያለ መስመር ጎማ አይፈነዳበትም።

በኮሪደር ልማቱም ፌርማታዎቻችን ዘንጠዋል። ወንበር አላቸው፣ ጣራ አላቸው፣ ማታ መብራት አላቸው። አውቶቡስን በክብር መጠበቅ የሚቻልበት ቦታ ተገኝቷል። የቀረው አውቶቡሱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ይመጣል፤ መስቀል አደባባይ ላይ ስናየው ነበር እኮ።

ቀልዱ የሚያበቃው ከተማው ዳር ላይ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቤት ሲያገኝ ሥራውንና ገበያውን ይዞ አልሄደም፤ እነሱ መሐል ከተማ ቀርተዋል። ከፒያሳ ተነሥቶ ገላን ጉራ የሰፈረው ደግሞ በእግሩ ይደርስበት የነበረውን ቦታ አሁን በትራንስፖርት ነው የሚደርስበት። ከተማ ወደ ዳር በተዘረጋ ቁጥር አውቶቡስ የቤቱ አንድ ክፍል ይሆናል፤ በሩና መስኮቱ ተገጥሞ አውቶቡሱ ከጎደለ ቤቱ ገና አላለቀም። የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ ለመድረስ ገና ሳይነጋ ትነሣለች፤ በጨለማ ትሰለፋለች፤ የመጣው አውቶቡስ ሞልቶ ሲያልፋት ሚኒባስ ትይዛለች፤ ሚኒባሱ ይቆራርጥባታል። ከደመወዟ ላይ የሚሄደው ትራንስፖርት የማንም ሪፖርት ላይ አይገባም፤ አውቶቡሱ ሲመረቅ ግን "ዝቅተኛ ገቢ ያለውን የኅብረተሰብ ክፍል ታሳቢ ያደረገ" የተባለው እሷን ነበር።

ያልኩትን ሐሳብ ተቀብላችሁ አውቶቡሶቹን አደባባይ ላይ ካላስቀራችሁ፣ ሌላም አማራጭ አለኝ። በየሦስት ወሩ አንድ ሥነ ሥርዓት ይኑር። ማርሽ ባንዱ ይምጣ፣ ሪባኑ ይታሰር፣ ክቡራኑ ይገኙ፤ የሚመረቀው ግን በሦስት ወር ውስጥ ተጠግኖ ወደ መንገድ የተመለሰ አውቶቡስ ይሁን። መካኒኩ በቱታው መድረክ ላይ ይውጣ፤ ፎቶም እሱ ይነሣ።

እስከዚያው ለጋዜጠኞች አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ምረቃ ላይ ስትገኙ "ስንት አውቶቡስ ተገዛ?" የሚለውን ተዉት፤ መልሱ በእጃችሁ በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ አለ። "ባለፈው ዓመት እዚሁ ከተመረቁት ውስጥ ዛሬ ጠዋት ከየካና ከሸጎሌ ዲፖ ስንቱ ወጣ?" ብላችሁ ጠይቁልን።