ሩብ ኖታ ስንት ቁጥር ነበረች?

ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የዓለም ሙዚቃ አቀናባሪዎች ለቅሶ ተቀመጡ። ሟቹ ሰው አይደለም፤ ፊናሌ የተባለው የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ የቀረበውን ይህን አንጋፋ ፕሮግራም ባለቤቱ ሜክሚዩዚክ ከእንግዲህ አላድሰውም ብሎ አሰናበተው። ለሐዘንተኞቹም በ149 ዶላር ወደ ተፎካካሪው ወደ ዶሪኮ እንዲሻገሩ መንገድ ጠቆማቸው። ለቅሶ ቤት መጥቶ ከሐዘንተኛው ገንዘብ የሚሰበስብ ዕድር ማለት ይኼ ነው። ኩባንያው «ከዓመት በኋላ ፊናሌን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ማስመዝገብ አይቻልም» ሲል ደግሞ ጩኸቱ በረታ፤ ወዲያው ቃሉን አጠፈ።

ወሬው ሉማሜ ቢደርስ ማንን ያስለቅሳል? ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ሲኬድ መንገድ ላይ በምትገኘው በዚች የአዋበል ወረዳ ከተማ፣ ባለማሲንቆው የሚቃኘው በጆሮው ነው። ግን ከዚያው ተነስቶ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ለባንድ የሚያቀናብር አንድ የሉማሜ ልጅ አለ እንበል።

የዚህ ሰው ጣት ሩብ ኖታን የሚያውቃት በኪቦርዱ 5 ቁጥር ነው፤ ፊናሌ እንዲያ አስለምዶታል። ሲቤሊየስ በተባለው ሌላ የኖታ ሶፍትዌር ላይ 4 ናት። ዶሪኮ ላይ 6 ሆና ቁጭ ብላለች። ልማደኛው ጣት ዶሪኮ ላይ 5ን ሲጫን ስምንተኛ ኖታ ይወጣለታል፤ ርዝመቷ የሩቧ ግማሽ። እናም ዝግ ያለች ትዝታ ጽፎ ላዳምጣት ሲል ትከሻ የሚያስመታ የጎጃም እስክስታ ይፈነዳል። ባለቤቱ ከጓዳ እልል ብትል አይፈረድባትም። በነጻ የሚገኘው ሙዝስኮር ሩቧን 5 ላይ አስቀምጧታልና፣ ኪሱም ጣቱም ወደዚያ ቢያደሉ አይገርምም።

ዶሪኮ ስሙን ያገኘው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ላይ የሙዚቃ መጻሕፍት ያትም ከነበረው ከቫሌሪዮ ዶሪኮ ነው። ሰውዬው በሮም ኖታ ሲያትም፣ እኛ ዘንድ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን ምልክት እንደሠሩ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ከቃሉ በላይ በደቃቁ እየተጻፉ እስከ ዛሬ ያገለግላሉ፤ አላድሳቸውም ብሎ መግለጫ ያወጣ ኩባንያ የለም። እንዲያውም ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. በ4.1 ዕትሙ መለያ ቁጥር ሰጥቷቸው ኮምፒውተር ገብተዋል።

ይህን ሰምቶ መፎከር የጀመረ ካለ ግን ቀስ ይበል። ምልክቱ የሚያስታውሰው የሚያውቀውን ሰው ብቻ ነው። መሪጌታው እግር ስር ላልተቀመጠ፣ ርክርክ ሁለት ሦስት ነጠብጣብ ነው፤ ሌላ ምንም። ይኼኛው ሶፍትዌር የሚጫነው ጭንቅላት ላይ ነው፤ መጫኑም ቁራሽ እየለመኑ ዓመታት ይፈጃል።

የፊናሌ ሰዎች ያን ያህል አይለፉም። የተለመደው መሻገሪያ ማይክል ጉድ የፈጠረው ሚዩዚክ ኤክስኤምኤል የተባለው የፋይል ዓይነት ነው። ኖታውን ያሻግራል፤ የገጹን አቀማመጥ ግን አንዳንዴ ያተራምሰዋል፤ ግጥሙ ከመስመሩ ወርዶ ከከበሮው ጋር ይጋፋል። ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የፊናሌ ሥራ ያለው አንባቢ፣ ፕሮግራሙ እሺ ብሎ እየተከፈተለት ሳለ ሁሉንም በሚዩዚክ ኤክስኤምኤል ያውጣ፤ አንዳንድ ቅጂም በወረቀት አትሞ ያስቀምጥ። የሚቻል ከሆነ ዛሬውኑ፣ መብራት ሳይጠፋ።